ዳቦው ያርራል፣ ቺዙ አይቀልጥም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ግሪልድ ቺዝ ስሪልን ይሉኛል። እኔ ስሰራው ግን ዳቦው ከውጭ ያርራል፣ ውስጡ ያለው ቺዝ ደግሞ እንደነበረ ይቀራል። አንድ ቀን ቤት የሰራሁትን አይብ በሚጥሚጣ ለውሼ ሞከርኩ። እሱማ ጭራሽ አልቀለጠም፣ ደርቆ ፍርፍር አለ። ዳቦውን የቀባሁት በኛው ንጥር ቅቤ ነው። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው? ጠዋት ሰርቼ ለምሳ ልቋጥርላቸውስ እችላለሁ?»

መልስ፦

እህቴ፣ እሳቱን ምን ያህል አድርገሽ እንደምትከፍቺው አልጻፍሽም። ግን ዳቦው አርሮ ቺዙ ካልቀለጠ እሳቱ በዝቷል ማለት ነው። እኔ እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ቁርስ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ምድጃ ላይ ቆሜያለሁ። አዲስ ሰው ሲቀጠር መጀመሪያ የሚያሳርረው ይሄንኑ ነው። እንቁላሉን አሳምሮ ይጠብሳል፣ ስጋውን በልኩ ያበስላል፣ ግሪልድ ቺዝ ላይ ሲደርስ ይቸኩላል። ሁለት ዳቦ፣ ትንሽ ቅቤ፣ ቺዝ፤ ምን አለው ይላል። አለው።

መጥበሻው ላይ ሁለት ስራ ባንድ ጊዜ ነው የሚሰራው። ዳቦው መቅላት አለበት፣ ቺዙ መቅለጥ አለበት። ሁለቱ የሚፈልጉት ሙቀት ለየቅል ነው። የዳቦው ፊት ደህና አድርጎ እንዲቀላ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ በእናንተ ቤት ምድጃ ቁጥር 285 ፋራናይት ገደማ ማለት ነው። ቼዳር ግን 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል። ታዲያ ቺዙ ትንሽ ሙቀት ከበቃው ለምን አልቀደመም ትዪኝ ይሆናል። ሙቀቱ ስለማይደርሰው ነው። የዳቦ ውስጡ ብዙው አየር ነው። አየር ደግሞ ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም፤ ብርድ ልብስ የሚሞቀንም በዚሁ ነው። ስለዚህ ከመጥበሻው የተነሳው ሙቀት ዳቦውን አልፎ ቺዙ ጋ እስኪደርስ ደቂቃዎች ይፈጃል። እሳቱ ኃይለኛ ከሆነ የዳቦው ፊት እነዚያን ደቂቃዎች አይጠብቅም፣ በአንዱ ውስጥ ያልቅለታል።

መቅላቱ ራሱ ስም አለው። ሉዊ ካሚል ማያር የሚባል ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሰው በ1912 እ.ኤ.አ. ስለጻፈበት የማያር ምላሽ ይባላል። በዳቦው ውስጥ ያለው ፕሮቲንና ስኳር ሙቀት ሲያገኛቸው ተገናኝተው መልክና ሽታ ይወልዳሉ። ቡና ሲቆላ ቤቱን የሚያውደው፣ ጥብስ ሲጠበስ ጎረቤት የሚያሸተው፣ የድፎ ዳቦ ቅርፊት ቡናማ የሚሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ግን ዳቦው እርጥብ እስከሆነ ድረስ አይጀምርም። ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ አይወጣም፣ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ የዳቦው ፊትም እዚያው አካባቢ ይቆያል። ውሃው እንዳለቀ ግን ሙቀቱ ሽቅብ ይሮጣል። መጀመሪያ ምንም የማይሆን የሚመስለው ዳቦ አንዴ ዞር ስትዪ ጠቁሮ የሚጠብቅሽ ለዚህ ነው።

አሁን መጥበሻው ጋ እንሂድ።

ወፍራም ታች ያለው መጥበሻ ካለሽ እሱን ያዢ። ከባዱ የብረት መጥበሻ ይሻላል፤ ስሱ መጥበሻ መሃሉ ይነድና ዳሩ ይቀዘቅዛል። የኤሌክትሪክ ምድጃሽ ማዞሪያ እስከ 10 የሚቆጥር ከሆነ 3 ወይም 4 ላይ አድርጊው። አምስት ደቂቃ ባዶውን ይሙቅ። ከዚያ ጣትሽን ውሃ ነክረሽ አንድ ጠብታ ጣል አድርጊ። ጠብታው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ከጨፈረ በጣም ግሏል፣ አንሺውና ይብረድ። እዚያው ባለበት ተቀምጦ ቀስ ብሎ ከተነነ ልክ ነው።

ቅቤውን መጥበሻው ላይ አትጨምሪው። ከፍሪጅ ቀደም ብለሽ አውጥተሽ አለስልሺውና ዳቦው ላይ ቀቢው። እስከ ዳር ድረስ፣ እስከ ጠርዙ። ያልተቀባ ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ በዝቶ የተቀባው ይረጥባል። ቺዙን በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቀሽ ሃያ ደቂቃ ያህል ውጭ ይቆይ። የተፈቀፈቀ ቺዝ ብዙ ቦታ ላይ ሙቀት ስለሚያገኝ ከአንድ ወፍራም ቁራጭ በፊት ይቀልጣል። ለአንድ ሳንዱች ከ50 እስከ 60 ግራም ይበቃል፤ ደህና አድርጎ የተዘገነ አንድ እፍኝ ነው። ገበያ ላይ ተፈቅፍቆ የሚሸጠው ግን እንዳይጣበቅ ስታርች ወይም ሴሉሎስ ይነሰነስበታል። ይቀልጣል፣ ግን እንደ ራስሽ ፍቅፋቂ ለስልሶ አይዋሃድም።

የተቀባውን ፊት ወደ ታች አድርገሽ አስቀምጪው፣ ቺዙን በትኚበት፣ ሁለተኛውን ዳቦ የተቀባውን ፊት ወደ ላይ አድርገሽ ክደኚበት። አሁን ድምፁን አዳምጪ። እኔ ምድጃ ላይ ስቆም ከዓይኔ በፊት ጆሮዬን ነው የማምነው። ቅቤው ቀስ እያለ ሲንሾካሾክ ትሰሚያለሽ፣ ውሃው እየተነነ ነው። ከተንጫጫ እሳቱ በዝቷል። ዝም ካለ አንሷል።

ከዚያ ክዳን ግጠሚበት። ያንቺን ችግር የሚፈታው ይሄ ነው። ከዳቦው የወጣው እንፋሎት ክዳኑ ስር ይታፈንና ከላይ ወደ ታች ያሞቃል። ቺዙ እስካሁን ከአንድ ጎን ብቻ ነበር ሙቀት የሚያገኘው፣ አሁን ከሁለት ጎን ያገኛል ማለት ነው። ሦስት ደቂቃ ቆይተሽ ክፈቺና ጫፉን በመገልበጫው ቀና አድርገሽ እዪው። ወርቃማ ከሆነ ገልብጪው። ሁለተኛውን ፊት ግን ሳትከድኚ ጨርሺው። ክዳኑ ከቆየ ዳቦው ይላባል፣ መንኮሻኮሹ ይቀራል። ቺዙ በዳሩ ብቅ ብሎ ዳቦው በመገልበጫ ሲነካ ሸርተት ሸርተት ካለ ደርሷል። ሁሉም ነገር ከሰባት እስከ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። የሚያርረው በሦስት ደቂቃ የሚያልቀው ነው።

በመገልበጫ አትጫኚው። ብዙ ሰው ይጫነዋል፣ ቶሎ የሚደርስ ይመስለዋል። ቺዙን ወደ ውጭ መግፋት ነው፤ ዳቦውም አየሩን ያጣና ጠፍጣፋ ቂጣ ይሆናል። ሲወጣም ሳህን ላይ አታስተኚው። የብረት ወንፊት መደርደሪያ ካለሽ እዚያ ላይ፣ ከሌለሽ ሁለት ሹካ አጋድመሽ እነሱ ላይ አንድ ደቂቃ ይቀመጥ። ሳህን ላይ ከተኛ ከስሩ የሚወጣው እንፋሎት መሄጃ አጥቶ ያን ያህል የለፋሽበትን ፊት መልሶ ያረጥበዋል።

ዳቦውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ጣት የማይሞላ ውፍረት ያለው ተራ የሳንዱች ዳቦ ጥሩ ነው። ትልልቅ ቀዳዳ ያለው ዳቦ ቺዙን ወደ መጥበሻው ያፈሰዋል። አንድ ነገር ግን ሞክሪልኝ። ከበዓል የተረፈ ድፎ ዳቦ ካለ ቀጠን አድርገሽ ቁረጪው። ያደረ ዳቦ ውሃው ስለቀነሰ ቶሎ ይቀላል። የጥቁር አዝሙዱ ጠረን ከቼዳር ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን እዚህ ጽፌ አልጨርሰውም። ቤቴ ከፋሲካ ማግስት የሚሰራው ይሄ ነው።

ወደ ቅቤሽ ልምጣ። ንጥር ቅቤው አላጠፋም። ከሱቅ የሚገዛው ቅቤ ከመቶ 80 እጁ ስብ ነው፣ 16 እስከ 18 እጁ ውሃ፣ የቀረው የወተት ቅሪት። እሳት ሲበዛ ቀድሞ የሚጠቁረው ይሄ ቅሪት ነው፤ 150 ዲግሪ አካባቢ ላይ ማረር ይጀምራል። ቅቤ ስናነጥር ውሃውን እናተንነዋለን፣ ቅሪቱን ከስር እናስቀረዋለን። ስለዚህ ንጥር ቅቤ ከሱቁ ቅቤ ይልቅ እሳት ይችላል። ያንቺ ዳቦ በንጥር ቅቤም ካረረ እሳቱ ምን ያህል እንደነበር አስቢው። ሁለት ነገር ግን አለ። አንደኛ፣ ቅቤው ደህና ካልተጠለለ የኮረሪማና የኮሰረት ድቃቂ ውስጡ ይቀራል፣ እሱ ያርራል፣ ይመራል። በስስ ጨርቅ አጥልዪው። ሁለተኛ፣ ሽታው ኃይለኛ ነው። በሶብላ ያለበት ቅቤ በለስላሳ ቺዝ ላይ ሲበዛ ቺዙን አታገኚውም። ግማሽ በግማሽ ከጨው አልባ ቅቤ ጋር ብትቀላቅዪው የሁለቱንም ጥቅም ታገኛለሽ፤ የሱቁ ቅቤ ቅሪት ለመልኩ፣ የኛው ለጠረኑ።

ብዙ ኩሽና ውስጥ ደግሞ በቅቤ ፋንታ ማዮኔዝ ይቀባል። መጀመሪያ ሲነግሩኝ አልተዋጠልኝም ነበር። ማዮኔዝ ማለት ግን ዘይትና እንቁላል ነው፣ ትንሽ ሆምጣጤ ያለበት። ከፍሪጅ እንደወጣ ይቀባል፣ ዳቦውን አይቦጭቅም። የእንቁላሉ ፕሮቲን መልኩን ያሳምረዋል። የሚቀርበት የቅቤው ጣዕም ነው። ልጆች ላሉበት ቤት፣ ጠዋት ለሚቸኮልበት ቀን፣ ማዮኔዝ ከዳር እስከ ዳር እኩል የቀላ ሳንዱች ያወጣልሻል። ቅዳሜ ጊዜ ሲኖርሽ ቅቤ።

አሁን ዋናው፣ አይቡ።

አይብሽ ያልቀለጠው በእጅሽ ጥፋት አይደለም። አይብ አይቀልጥም። የተሰራበት መንገድ አያቀልጠውም።

ወተት ውስጥ ካዚን የሚባል ፕሮቲን አለ። ቼዳር፣ ሞዛሬላ፣ ጎዳ ሲሰሩ ወተቱ በዋናነት የሚረጋው ሬኔት በሚባል ነገር ነው፤ ድሮ ከጥጃ ጨጓራ ነበር የሚወጣው። ካዚኑ ተያይዞ መረብ ይሰራል፣ መረቡን ካልሲየም እንደ ቋጠሮ ያያይዘዋል። ሲሞቅ ስቡ ይለሰልሳል፣ ቋጠሮው ይላላል፣ መረቡ ይፈሳል። መቅለጥ የምንለው ይሄ ነው።

አይባችን ሌላ ነው። ወተቱ እርጎ ይሆናል፣ እርጎው ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፣ የቀረው አሬራ እሳት ላይ ይጣድና አይቡ ከአጓቱ ይለያል። በዚህ መንገድ ሁለት ነገር ይሄዳል። ስቡ ከቅቤው ጋር ሄዷል። ካልሲየሙን ደግሞ የእርጎው ኮምጣጣነት አሟሙቶ ከአጓቱ ጋር ሸኝቶታል። የሚላላ ቋጠሮ የለም። የቀረው ፕሮቲን እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ እንደገና ሲሞቅ ይባስ ይጠብቅና ያለውን ውሃ ይተፋል። አንቺ ያየሽው ፍርፋሪ ይሄ ነው። የህንዶቹ ፓኒርና የጣሊያኖቹ ሪኮታም እንዲሁ ናቸው፤ ይሞቃሉ፣ ይጠበሳሉ፣ አይፈሱም። እዚህ አገር በተርሚልክ ገዝተሽ እያሞቅሽ የምትሰሪው አይብም ያው ነው። በተርሚልኩ ከመናጥ የቀረ አሬራ አይደለም፣ ቅባቱ የቀነሰ ወተት በባክቴሪያ የረጋ ነው። ግን ኮምጣጣ ስለሆነ ውጤቱ አንድ ይሆናል።

ይህ ማለት አይብ ከሳንዱቹ ይውጣ ማለት አይደለም። እኔ አላወጣውም። ብቻውን አታድርጊው። ከሦስት እጅ ሁለቱ የሚቀልጥ ቺዝ ይሁን፣ አንዱ አይብ። አይቡን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልለሽ ጨምቂው፣ አጓት ከቀረበት ዳቦውን ያበሰብሰዋል። ለክትፎ እንደምታዘጋጂው በትንሽ ቅቤ፣ በኮረሪማና በሚጥሚጣ ለውሺው። ከዚያ ከታች ቺዝ፣ መሃል አይብ፣ ከላይ ቺዝ። የሚቀልጠው ከላይና ከታች ያቅፈዋል፣ አይቡም አይደርቅም። ሞዛሬላ ለዚህ ደህና ነው፣ ጣዕሙ ለስላሳ ስለሆነ ሚጥሚጣውን አይጋፋም። የተከተፈና ውሃው የተጨመቀ ጎመን ጣል ብታደርጊበት ደግሞ ጎመን በአይብን ዳቦ ውስጥ አስገባሽው ማለት ነው።

አይቡ ራሱ ይቅለጥልኝ ካልሽ አንድ መንገድ አለ። ጀርመኖች በኮምጣጣ የረጋ ኳርክ የሚባል አይብ አላቸው፣ እሱም አይቀልጥም። እነሱ ግን ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰው ያሳድሩታል፣ ከዚያ በቅቤ ለስለስ ባለ እሳት ያቀልጡታል። ኮኽኬዘ ይሉታል፣ የተቀቀለ አይብ ማለት ነው። ወደ ፔንስልቬንያ የተሰደዱ ጀርመኖችም ይዘውት መጥተው እስከዛሬ ይሰሩታል፤ ከአንቺ ብዙ የራቀ አገር አይደለም። ሶዳው ኮምጣጣነቱን ይሰብረዋል፣ ፕሮቲኑ ውሃ መልሶ ይጠጣል፣ ይላላል። በኛ አይብ ስትሞክሪ አይቡን ራስሽ ለዚሁ ብለሽ ለብ ባለ እሳት ስሪው። ብዙ እሳት ያየ አይብ ፍሬ ፍሬነቱን አይለቅም። ለሩብ ኪሎ አይብ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ አሽተሽ አንድ ሰዓት አቆዪው። ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ጨምረሽ በዝቅተኛ እሳት አማስዪ። እንደ ቼዳር አይሳብም፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ ይሆናል። ሶዳ ካበዛሽ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ተጠንቀቂ።

ከሱቅ ቺዝ ስትመርጪ አንድ ነገር ያዢ። ብዙ የቆየ ቺዝ ጣዕሙ ጠንካራ ነው፣ ሲሞቅ ግን ስቡ ተለይቶ ይወጣል። ሲቆይ ፕሮቲኑ ይቆራረጣል፣ ስቡን መያዝ ያቅተዋል። ወጣት ቺዝ ይሳባል፣ ግን ጣዕሙ ቀላል ነው። እኔ ከሁለቱም ነው የምወስደው፣ ሁለት እጅ ለስላሳ ቼዳር ወይም ጎዳ፣ አንድ እጅ የቆየ ቼዳር። አዲስ አበባ ሆነው ይሄን የሚያነቡም አሉ። እዚያ በየሱፐርማርኬቱ የምታገኙት ፕሮቮሎን በደንብ ይቀልጣል፣ ሳንዱችም ያምርበታል።

ቢጫው፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጠው የአሜሪካ ቺዝስ? ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ እኔ አልንቀውም። ቫልተር ገርበርና ፍሪትዝ ሽቴትለር የሚባሉ ስዊዞች በ1911 እ.ኤ.አ. ቺዝን ከሲትሬት ጨው ጋር አቅልጠው ስቡ የማይለይ አድርገው ሰሩት። አሜሪካ ውስጥ ጄምስ ክራፍት የራሱን አሰራር በ1916 እ.ኤ.አ. ፓተንት አወጣበት። ጨው ስልሽ የወጥ ጨው አይደለም። ካልሲየሙን ከካዚኑ ላይ የሚነጥቅ ጨው ነው። ካልሲየሙ ሲነጠቅ ካዚኑ ስቡንና ውሃውን አቻችሎ ይይዛል። ለዚህ ነው ያ ቺዝ ምንም ብታሞቂው ዘይት የማይተፋው። ልጆችሽ ትምህርት ቤት የለመዱትም እሱን ሊሆን ይችላል። አንድ ቅጠል የአሜሪካ ቺዝ ከፍቅፋቂ ቼዳር ጋር ብታደርጊ፣ ያችው አንዷ ቅጠል ቼዳሩም ዘይት እንዳይተፋ ታግዘዋለች። ኩሽና ውስጥ ከተማርኳቸው ነገሮች በጣም የጠቀመኝ ይሄ ነው።

ልጆችሽ ነገ ማካሮኒ በቺዝ ማለታቸው አይቀርም፣ ስለዚህ እሱንም ልበል። ክራፍት በካርቶን የሚሸጠውን ካወጣ ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካ ልጅ ሁሉ ያደገበት ምግብ ነው። ቤት ሲሰራ የሚበላሸው እንዲህ ነው፦ ወተቱ ይፈላል፣ ቺዙ ይጨመርበታል፣ ሶሱ ፍሬ ፍሬ ይሆንና ዘይት ይንሳፈፋል። ላዛኛ ሰርተሽ ከሆነ ቤሻሜል የሚባለውን ነጭ ሶስ ታውቂያለሽ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ አቅልጪ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት ጨምሪና ሳይቀላ አንድ ሁለት ደቂቃ አማስዪ። ሁለት ኩባያ ወተት በትንሽ በትንሹ እያፈሰስሽ አማስዪ፣ ፈልቶ ይወፍር። አሁን እሳቱን አጥፊ። ምድጃው ከጠፋ በኋላ ነው ቺዝ የሚገባው። 200 ግራም ፍቅፋቂ በእፍኝ በእፍኙ እየጨመርሽ አማስዪ። የዱቄቱ ስታርች ፕሮቲኑ እንዳይጠባበቅ ይከላከላል፣ የረገበው ሙቀት ደግሞ ስቡ እንዳይለይ። አዲስ አበባ ላላችሁ፣ እዚያ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ማካሮኒው ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። እየቀመሳችሁ አብስሉት።

እሳት ማጥፋትን ያስተማረኝ ግን ቤሻሜል አይደለም። እናቴ ጨጨብሳ ስትሰራ ቂጣውን አብስላ ትቆራርሰውና ምጣዱን ከእሳት ታወርድ ነበር። በርበሬና ቅቤው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ቂጣው ራሱ የያዘው ሙቀት ቅቤውን ያቀልጠዋል፣ በርበሬው ሳያርር ሽታውን ይለቃል። በእጇ እያሸች ስታዋህደው አጠገቧ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ልጅ ሆኜ ለምን ታወርደዋለች ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ምድጃ ላይ መስራት ስጀምር ገባኝ።

ከሳንዱቹ ጋር የቲማቲም ሾርባ አድርጊላቸው። እዚህ አገር ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም፣ ምክንያትም አለው። ቺዝና ቅቤ አፍ ውስጥ ይከብዳሉ፣ የቲማቲሙ ኮምጣጣነት ያቀላቸዋል። አንድ ሽንኩርት በቅቤ አብስዪ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ጣል አድርገሽ አንዴ አማስዪው፣ አንድ ቆርቆሮ የተላጠ ቲማቲም ጨምሪ፣ ሃያ ደቂቃ ይንተክተክና ፍጪው። ከዚህ በላይ አያስፈልገውም።

ለጾም ቀን ረቡዕና ዓርብ ልጆቹ ሳንዱች ካሉ የለውዝ ቅቤና በስሱ የተቆረጠ ሙዝ አድርጊና ዳቦውን ከውጭ ዘይት ቀቢው። መጥበሻው፣ እሳቱ፣ ክዳኑ ያው ነው። እዚህ ግን የሚቀልጥ ስለሌለ ሁለት ደቂቃ በየፊቱ ይበቃል።

የመጨረሻው ጥያቄሽ፣ ምሳ መቋጠሩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጠዋት ተጠብሶ ምሳ ሰዓት የሚበላ ግሪልድ ቺዝ ትኩሱን አይሆንም። ግን የባሰ እንዳይሆን ማድረግ ይቻላል። ከመጥበሻ እንደወጣ መደርደሪያው ላይ ሙሉ ለሙሉ ይቀዝቅዝ። ትኩሱን ምሳ ዕቃ ውስጥ ብትከቺው በራሱ እንፋሎት ይበሰብሳል። በወረቀት ጠቅልዪው፣ ፎይል እርጥበቱን ያፍነዋል። እንደ ጣት ሸንሽነሽ ቁረጪው፣ ቀዝቃዛውንም ለመብላት ይቀላል። ለዚህ የአሜሪካ ቺዝ ጥሩ ነው፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ቼዳር አይደነድንም። ምሳ ዕቃው ውስጥ የበረዶ ጥቅል አድርጊ፣ ቺዝ ያለበት ምግብ ሳይቀዘቅዝ ከሁለት ሰዓት በላይ ባይቆይ ይሻላል። ሾርባውን በፔርሙዝ ላኪላቸው። ፔርሙዙን መጀመሪያ የፈላ ውሃ ሞልተሽ አምስት ደቂቃ አቆዪ፣ ውሃውን ድፊና ሾርባውን ገልብጪበት። ሳንዱቹን እየነከሩ ይበሉታል። ተርፎ ቤት ከመጣ ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቢው፣ ዳቦው እንደ ጎማ ይሆናል። መጥበሻ ላይ በዝቅተኛ እሳት ወይም በቶስተር ኦቭን አሙቂው።

ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ለሚበሉት ግን ይሄን አድርጊ። ማታ ሳንዱቹን ገጥመሽ፣ ከውጭ ቀብተሽ፣ በየመሃሉ የቅባት ወረቀት አድርገሽ ፍሪጅ ውስጥ ደርድሪው። ከፍሪጅ ስለሚወጣ በየፊቱ አንድ ደቂቃ ትጨምሪለታለሽ። በር ሲከፍቱ መጥበሻውን ጣጂ። ጫማቸውን ሲያወልቁ ሳንዱቹን አስቀምጪና ክደኚው። እጃቸውን ታጥበው ሲመጡ ትገለብጪዋለሽ።